ብርጭቆና ዐፅም፦ አጥንትንና ጥርስን በብርጭቆ ስለ መጠገን የቀረበ ዳሰሳ

በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ተጀምሮ እስከ አውቶቡስ ተራ በሚዘረጋው በመርካቶ፥ ሸቀጡ ከንጋት እስከ ምሽት በሰው ጀርባ፥ በጋሪና በጭነት መኪና ስለሚተላለፍ፥ የሰው አጥንት የሚሰበርበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ከፎቅ መጋዘን የሚወርደው ጥቅል ከተሸካሚው ትከሻ ያመልጣል፥ ጋሪው በቁልቁለት ይለቀቃል፥ ወደ ኋላ የሚሄደው መኪና ሰውን ከግድግዳ ጋር ያጣብቃል። በዚያው ገበያ ደግሞ ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው ባዶ ጠርሙስ በየዓይነቱ ተለይቶ ተመልሶ ይሸጣል። የተሰበረው አጥንትና የሚሸጠው ጠርሙስ በአንድ ገበያ ከመገናኘታቸው በቀር ዝምድና ያላቸው አይመስልም፤ ነገር ግን ከስድሳ ዓመት ገደማ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር የተነሡ ሊቃውንት፥ ጥሬ ዕቃው ከጠርሙስ ጥሬ ዕቃ ብዙ የማይርቅ ብርጭቆ፥ መጠኑ በጥንቃቄ ሲለወጥ፥ ከሕያው ዐፅም ጋር እንደሚዋሐድ አረጋግጠዋል። ይህ ዳሰሳ የዚህን ጥበብ ጠቅላላ ጉዳይ፥ አሠራሩን፥ የደረሰበትን ደረጃና ለአገራችን ሕሙማን ሊጠቅም የሚችልበትን ስፍራ ይመረምራል፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አጥንት ከብዙዎቹ የሰውነት ክፍሎች ይልቅ ራሱን የመጠገን ጸጋ የታደለ ነው፤ ቆዳ ሲቈስል ጠባሳ ይተካል፥ አጥንት ግን በትክክል ከተገጣጠመና ሳይነቃነቅ ከቆየ እንደ ቀድሞው ያለ አጥንት ይተካል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በሸለቆው ውስጥ ባየው ራእይ፥ በ37ኛው ምዕራፍ እንደሚነበበው፥ አስቀድሞ ዐፅሞቹ እርስ በርሳቸው ተቀራረቡ፥ ከዚያም ጅማትና ሥጋ ተከተሉ፤ የዛሬው የአጥንት ሐኪምም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ያንኑ መቀራረብ ነው። በአገራችን ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ የያዘው ወጌሻ ነው። የወለቀውን በእጁ ዳስሶ ይመልሳል፥ የተሰበረውን በቅቤ አሽቶ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ደግፎ በጨርቅ ያስራል፤ ሐኪም ቤት ሩቅና ውድ ሆኖ ለሚታየው ለመርካቶ ወዛደርም ዛሬ ድረስ የመጀመሪያው ደጅ የወጌሻው ደጅ ነው። ቀላል ስብራት በዚህ መንገድ ሲድን መኖሩን መካድ አይገባም፤ ነገር ግን እስሩ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደም ወደ እጅና ወደ እግር ጫፍ እንዳይደርስ ስለሚከለክል፥ ሥጋው ሞቶ መቈረጥ ግድ የሆነባቸው፥ አብዛኛውን ጊዜም ሕፃናት የሆኑ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል መምጣታቸው በሐኪሞች ጽሑፍ ተደጋግሞ የተመዘገበ ጉዳት ነው።

ችግሩ የሚከብደው የሚቀራረብ ነገር ሲጠፋ ነው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ በአስፋልት ላይ ሲሰባበር፥ መግል ውስጡን በልቶ ዋሻ ሲያደርገው፥ ወይም ዕጢ ከነሥሩ ተቈርጦ ሲወጣ፥ በመካከል ባዶ ስፍራ ይቀራል፤ ያም ባዶ ስፍራ ከተወሰነ ስፋት ካለፈ አጥንቱ በራሱ ኃይል ሊሞላው አይችልም። በጥቁር አንበሳም ሆነ የአደጋ ሕሙማን በሚታከሙበት በአቤት ሆስፒታል ያለ ቀዶ ሐኪም በዚህ ጊዜ የመጀመሪያ ምርጫው ከሕመምተኛው ከራሱ የዳሌ አጥንት ጥቂት ወስዶ ወደ ጐደለው መጨመር ነው። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚበልጠው አልተገኘለትም፤ ሕያው ሕዋሳት አሉት፥ አካሉም እንደ ባዕድ አይቈጥረውም። ነገር ግን ከዳሌ የሚወሰደው ጥቂት ነው፥ ሁለተኛ ቍስል ይከፍታል፥ ሕመሙም አንዳንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ቍስል ይልቅ ለብዙ ወራት ይቈያል። ብረትና ቲታኒየም ደግሞ አጥንትን አጽንተው ይይዛሉ እንጂ ተለውጠው አጥንት አይሆኑም። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ባዶውን ስፍራ ሞልቶ፥ አዲሱ አጥንት እስኪበቅል መንገድ ሆኖ፥ በመጨረሻም ቦታውን ለአጥንቱ የሚለቅ ነገር ይገኛልን?

የጥያቄው መልስ በብርጭቆ ወገን የተፈለገው በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ምክንያት ነው። በ1967 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ላሪ ሄንች በኒውዮርክ ግዛት ሳጋሞር ወደሚደረግ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የቁሳቁስ ምርምር ጉባኤ ሲጓዝ፥ ከአጠገቡ የተቀመጠው በቅርቡ ከቬትናም የተመለሰ ኮሎኔል፥ አካሉ ብረትንና ፕላስቲክን አልቀበልም እያለ ስንት ወታደር እጅና እግሩን እንዳጣ ከነገረው በኋላ፥ የኒውክሌር ጨረርን የሚቋቋም ነገር መሥራት የሚችል እንደ ሄንች ያለ ሰው የሰው አካል የሚቀበለውን ነገር ለመሥራት አይችል እንደ ሆነ ጠየቀው። ሄንች ነገሩን በልቡ ይዞ ተመለሰ፤ አካል የሚጠላው ባዕዱን ከሆነ፥ አጥንት ራሱ ከተሠራበት ከካልሲየምና ከፎስፌት የተቀመመውን አይጠላም ብሎም አሰበ። በ1969 የቀለጠውን ብርጭቆ ቴድ ግሪንሊ የተባለው የአጥንት ሐኪም በአይጦች የጭን አጥንት ውስጥ ቀበረው፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሊያወጣው ቢሞክር ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ እንቢ አለ። ውጤቱ በ1971 ታተመ፥ ብርጭቆውም 45ኤስ5 ተባለ።

የቅመማው መጠን እንዲህ ነው፦ በክብደት 45 ከመቶ ሲሊካ፥ 24.5 ከመቶ የሶዲየም ኦክሳይድ፥ 24.5 ከመቶ የካልሲየም ኦክሳይድ፥ 6 ከመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድ። በመርካቶ የሚሸጠው ጠርሙስና የመስኮት መስተዋት ደግሞ 70 ከመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሊካ ሲሆኑ፥ የቀረው አብዛኛው ሶዳና ኖራ ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከፎስፌቱ በቀር የመጠን ልዩነት ነው፤ ነገር ግን ይህ የመጠን ልዩነት የባሕርይ ልዩነት ያመጣል። ሲሊካው ከ60 ከመቶ ሲያልፍ የብርጭቆው መረብ እጅግ ስለሚጠነክር ውሃ አይፈታውም፥ አካሉም በስስ ጠባሳ ከብቦ ለብቻው ይተወዋል፤ በሥጋ ውስጥ የቀረ የጠርሙስ ስባሪ ለዓመታት ሳይለወጥ የሚኖረው ስለዚህ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን መረቡ ይላላል፥ ለውሃም ይሸነፋል።

ሥራው የሚጀምረውም ከዚህ መሸነፍ ነው። ብርጭቆው በደምና በአካል ፈሳሽ ሲረጥብ፥ በውስጡ ያለው ሶዲየም እየወጣ በምትኩ የውሃው ሃይድሮጅን ይገባል፤ በዚህ ለውጥ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ አልካላይነቱ ከፍ ይላል፥ ከፍ ያለውም አልካላይ የሲሊካውን ማሰሪያ እየበጠሰ በብርጭቆው ፊት ላይ እንደ ዝልግልግ ያለ የሲሊካ ሽፋን ያበጃል። በዚያ ሽፋን ላይ ከብርጭቆውም ከደሙም የመጡ ካልሲየምና ፎስፌት ይሰበሰባሉ፤ በመጀመሪያ ቅርጽ የሌለው ዝቃጭ ናቸው፥ ኋላ ግን ከፈሳሹ ካርቦኔት ጨምረው ይረጋሉ፥ የሰው አጥንት ማዕድን የሆነውን አፓታይት የሚመስል ክሪስታልም ይሆናሉ። ይህ ሁሉ የሕዋስ እጅ ሳይገባበት በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚፈጸም የቅመማ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ሕይወት ያለው ሥራ ይከተላል፤ አጥንት ሠሪ ሕዋሳት ይህን ገጽ እንደ ራሳቸው ወገን አድርገው ይሰፍሩበታል፥ የኮላጅን ክሮቻቸውንም በክሪስታሉ መካከል ይዘረጋሉ። ከ2000 ወዲህ የታተሙ ጥናቶች ደግሞ ከብርጭቆው የሚሟሟው ሲሊኮንና ካልሲየም ራሱ የአጥንት ሕዋሳትን ዘረ መል እያነቃቃ እድገታቸውን እንደሚያፋጥን አሳይተዋል። ከሌሎቹ የሕክምና ቁሳቁሶች ይልቅ ይህን ጥበብ እጅግ የማደንቀው በዚህ ነው፦ ሌሎቹ የሚመሰገኑት ሳይለወጡ በመጽናታቸው ሲሆን፥ ይህ የሚጠቅመው ቀስ በቀስ በማለቁ ነው።

ነገር ግን የሚያልቅ ነገር ሸክም አይችልም፤ የዚህ ጥበብ ትልቁ ፈተናም ይህ ሆኖ ኖሯል። 45ኤስ5 ተሰባሪ ነው፤ ለጽናት ሲባል ዱቄቱ በእሳት ተጋግሮ ሲጠነክር ክሪስታል ይወጣዋል፥ ክሪስታል በወጣው መጠንም ከአጥንት ጋር የመዋሐድ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያ ፍሬው የታየው ሸክም በሌለበት ስፍራ ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የመካከለኛው ጆሮ ትንንሽ አጥንቶች ምትክ፥ በ1988 ጥርስ የተነቀለበት የመንጋጋ አጥንት እንዳይከስል የሚተከል ሾጣጣ፥ በ1993 ደግሞ በጥርስ ዙሪያ የተበላውን አጥንት የሚሞላ ደቃቅ ጠጠር ሆኖ ወደ ሐኪሞች እጅ ደረሰ።

ጽናትን ከመዋሐድ ጋር ለማስታረቅ የተሻለውን መንገድ ያገኙት ጃፓኖች ናቸው። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ታዳሺ ኮኩቦና ከአጥንት ሐኪሙ ከታካኦ ያማሙሮ ጋር የሠሩት ወገኖቹ በ1982 ያስታወቁት የብርጭቆ ሴራሚክ፥ የብርጭቆው ዱቄት እስከ 1050 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 38 ከመቶው አፓታይት፥ 34 ከመቶው ወላስቶናይት የተባለ የካልሲየም ሲሊኬት ክሪስታል የሚሆንበት፥ የቀረው 28 ከመቶ ብርጭቆ ሆኖ የሚያያይዛቸው ነው። አፓታይቱ ከአጥንት ጋር ያዛምደዋል፤ ወላስቶናይቱ ደግሞ ጭድ የጭቃ ግድግዳን እንደሚይዝ ሁሉ ስንጥቁ እንዳይሮጥ ይይዘዋል። ሲታጠፍ እስከ 215 ሜጋፓስካል ድረስ ይችላል፤ ይህም ከጠንካራው የሰው አጥንት የሚበልጥ ነው፥ በአከርካሪና በዳሌ አጥንት ምትክነትም በጃፓን ለብዙ ሕሙማን አገልግሏል። ሆኖም ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት የመሰንጠቅ ባሕርዩ ከአጥንት ስለሚከፋ፥ የጭንን ወይም የቅልጥምን ሙሉ ሸክም ብቻውን ይሸከም ዘንድ አይገባም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ብርጭቆው ነገ ብረትን ሁሉ እንደሚተካ አድርገው ሲያቀርቡት ማንበብ ያሳዝነኛል፤ ከፎቅ ወድቆ ጭኑ የተሰበረ ሰው ዛሬም ነገም የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ብረቱ ነው፥ ብርጭቆው የሚመጣው በብረቱ ጥላ ሥር ባዶውን ለመሙላት ነው።

ለአገራችን እጅግ የሚቀርበው ክፍል በእኔ አስተያየት የመግሉ ክፍል ነው። ክፍት ስብራት ዘግይቶ ሲታጠብ፥ አፈር የነካው ቍስል ሳይጸዳ ሲታሰር፥ አጥንቱ ይመረቅዛል፤ የመረቀዘ አጥንትም ዓመታት ቈጥሮ እየከደነ እየፈነዳ መግል የሚያፈስ፥ ወጣቱን ከሥራ፥ ተማሪውን ከትምህርት የሚያስቀር ጽኑ ደዌ ነው። ሐኪሙ የሞተውን አጥንት ጠርጎ ካወጣ በኋላ የቀረውን ዋሻ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ፀረ ተሕዋስያን በተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶው ግን መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላ ራሱ ባዕድ ሆኖ ስለሚቀር፥ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ይወጣል። በፊንላንድ በቱርኩ ከተማ የተገኘው፥ 53 ከመቶ ሲሊካ፥ 23 ከመቶ የሶዲየም፥ 20 ከመቶ የካልሲየምና 4 ከመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድ ያለው፥ ኤስ53ፒ4 የሚባለው ብርጭቆ በዚህ ስፍራ ልዩ ጥቅም አሳይቷል። ሲሟሟ የአካባቢውን አልካላይነትና የጨው ብዛት ከፍ ስለሚያደርግ ባክቴሪያው መኖር ያቅተዋል፤ ይህም የአንድ መድኃኒት ውጤት ስላልሆነ፥ መድኃኒት የለመዱት ተሕዋስያን እንኳ በቀላሉ አያመልጡትም፥ ጠጠሩም አጥንት ሲተካው ስለሚኖር ለማውጣት ዳግመኛ መቀደድ የለም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ በሚገዛበትና ተሕዋስያኑ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከሩ በሚሄዱበት አገር፥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብርጭቆው ግን መጥረጊያውን አይተካም፤ የሞተው አጥንት በውስጥ ከቀረ የሚፈስስበት ጠጠር ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደ ጥርስ ስንመጣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ እናገኛለን፥ ለይቶ መመልከትም ይገባል። የመጀመሪያው የሚሟሟው ነው። የድድ መሸሽ የገለጠው የጥርስ ሥር እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ስላሉት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ያማል፤ በደቃቁ የተፈጨ 45ኤስ5 በጥርስ ሳሙና ውስጥ ሲገባ ደግሞ በምራቅ ረጥቦ አፓታይት እያበጀ የቱቦዎቹን አፍ ይደፍናል። ሳሙናውን የሚገዛ ሰው በካርቶኑ ላይ ካልሲየም ሶዲየም ፎስፎሲሊኬት የሚለውን ስም ይፈልግ፤ ያ ስም ከሌለ፥ ማስታወቂያው ምንም ቢል፥ ብርጭቆው በውስጡ የለም። በመርካቶ መንገድ ዳር በእቅፍ የሚሸጠው የወይራና የክትክታ መፋቂያም ጥርስን በማጽዳት ረገድ ስፍራው የሚናቅ አይደለም፤ የተገለጠውን ሥር መድፈን ግን ከእርሱ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው የማይሟሟው፥ ለጥርስ ቆብና ሽፋን የሚሠራው ነው። የዘሩ አባት በአሜሪካ የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ዶናልድ ስቱኪ ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 600 ዲግሪ ሊያሞቀው ያሰበው የሊቲየም ብርጭቆ፥ እቶኑ ተበላሽቶ እስከ 900 ዲግሪ ገደማ ደረሰበት፥ ቀልጦ ይጠብቀኛል ሲል ነጭ ሆኖ አገኘው፥ ከመቈንጠጫው ወድቆ ወለሉን ሲመታም አልተሰበረም። ከዚህ ዘር የተገኘውን ሊቲየም ዳይሲሊኬት የሊክተንስታይኑ ኢቮክላር ኩባንያ በ1998 ለጥርስ ሐኪሞች አቀረበ፤ የዛሬው ዓይነት ክሪስታሉ ገና ሳይጠና፥ ሰማያዊ መልክ ሳለ፥ በማሽን ይቀረጻል፥ ከዚያም በ840 ዲግሪ ገደማ ሲጋገር የጥርስ መልክና ከ360 ሜጋፓስካል ያላነሰ ጽናት ያገኛል። በስምጥ ሸለቆ፥ የጕድጓድ ውሃው ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እጅግ በላይ ፍሎራይድ በያዘባቸው እንደ ወንጂ ባሉ ስፍራዎች፥ በልጅነታቸው ጥርሳቸው ቡኒ ሆኖ የበቀለ ወገኖች ለዚህ ሽፋን የሚከፍሉትን ያህል አቅም ቢኖራቸው መልካም ነበር። እነዚያው ሰዎች አጥንታቸውም በፍሎራይዱ ሲደድርና ሲጣመም በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና በባልደረቦቻቸው ጥናት ተገልጧል፤ ፍሎራይዱም የሚገባበት ያው አፓታይት ነው። ስለዚህ በዚያ አውራጃ ከማንኛውም ሽፋን የሚቀድመው የሚጠጣው ውሃ ነው፤ የተቃጠለ የከብት አጥንት ፍሎራይዱን ከውሃ ለመጥለፍ በሥራ ላይ የዋለውም አፓታይትነቱ ይህን ጸባይ ስለ ሰጠው ነው።

እንግዲህ ይህን ብርጭቆ በአገር ውስጥ መሥራት ይቻላልን? ጥሬ ዕቃው አለ ለማለት ማንም አይቸገርም። የሲሊካ አሸዋ አለን፥ የኖራ ድንጋይ በሙገር ሸለቆ ተርፎ ለሲሚንቶ ይፈጫል፥ ሶዳ በአቢያታ ሐይቅ አለ፥ ፎስፌት የያዘ ድንጋይ በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ አጠገብ በቢቂላል ይገኛል፥ ሊቲየምም በጉጂ በቀንጢቻ ድንጋይ ውስጥ አለ። የአቢያታ ውሃ እጅግ መሸሹን የሚያውቅ ሰው ስለ ሶዳው ሲሰማ ልቡ ይከብደዋል፤ ለሕክምና የሚያስፈልገው ብርጭቆ ግን በኪሎ የሚቈጠር እንጂ በቶን የሚጫን ስላልሆነ፥ ሐይቁን የሚጐዳ ከዚህ ወገን አይመጣም። የጎደለው ንጽሕና ነው። ለሰው አካል የሚገባ ብርጭቆ ከሚሊዮን እጅ ቢበዛ 3 እጅ አርሴኒክ፥ ቢበዛ 30 እጅ እርሳስ፥ ቢበዛ 5 እጅ ሜርኩሪ እንዲኖረው በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኖበታል፤ ስለዚህ አሸዋውና ድንጋዩ እንደ ወጡ አይቀልጡም፥ በላቦራቶሪ ተጣርተው ንጹሕ ጨውና ዱቄት ይሆናሉ፥ ከ1300 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በፕላቲኒየም ማቅለጫ ይቀልጣሉ፥ ተፈጭተው በመጠን ይበጠራሉ፥ ከተሕዋስያንም ይጸዳሉ። ከቆራሌው የተገዛ ጠርሙስ ተፈጭቶ ለዚህ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ቢኖር፥ የሲሊካው ብዛትም የማይታወቀው ማቅለሚያውም ይከለክለዋል። አንድ ነገር ተሠርቶ ወደ ሕሙማን ከመድረሱ በፊት ደግሞ በ2019 በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1112 መሠረት የሕክምና መሣሪያ ሆኖ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት።

የሥራው ቅደም ተከተል በእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የመርካቶ ወጌሻ እስሩ የጣትን ሙቀትና ቀለም ማጥፋቱን ሲያይ እንዲያላላ፥ ቆዳው የተቀደደ ስብራት ሲያጋጥመውም ሳይነካ ወደ ሆስፒታል እንዲልክ ማስተማር ይገባል፤ ይህ ምንም ብርጭቆ የማይጠይቅ፥ ብርጭቆ የሚያስፈልገውን ሕመምተኛ ቍጥር ግን የሚቀንስ ሥራ ነው። ቀጥሎ ከውጭ የሚገባውን የብርጭቆ ጠጠር ለሁሉ ሳይሆን ለመረቀዘ አጥንት ዋሻ ብቻ ለይቶ ማቅረብ፥ በዳሌ አጥንት የሚበቃውን በዳሌ አጥንት መሙላት ይሻላል። ሦስተኛው የምርምሩ ነው፥ እርሱም የሚያስፈራውን ያህል ውድ አይደለም። ኮኩቦ ራሱ ያበጀው፥ በጨው ይዘቱ የሰውን ደም ውሃ የሚመስል ፈሳሽ በማንኛውም የኬሚስትሪ ክፍል ሊቀመም ይችላል፤ የአልካላይነቱ መጠን 7.40፥ ሙቀቱ 36.5 ዲግሪ ሆኖ ይጠበቃል፥ በአዲስ አበባም ሆነ በአዳማ ዩኒቨርሲቲ የቀለጠ የብርጭቆ ስባሪ በዚያ ውስጥ እስከ አራት ሳምንት ተነክሮ ይቈያል፥ ከዚያም ፊቱ ላይ አፓታይት መውጣት አለመውጣቱ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ይመረመራል። አፓታይት ያላወጣ ስባሪ ተመልሶ ይቀመማል፤ ያወጣውም ቢሆን በእንስሳ አጥንት ሳይፈተን ወደ ሰው አይሻገርም፥ ምክንያቱም በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያማረ ሁሉ በሕያው አካል እንደማያምር ከኮኩቦ በኋላ የመጡ መርማሪዎች በግልጽ ጽፈዋል።